ይህ ክፍያ እርቅ አይደለም

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ የዛሬውን ግን ሳልነግርህ ብውል ልቤ የሚፈነዳ መሰለኝ። ዛሬ ደባርቅ ላይ፣ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት፣ ተነሥቼ ተናገርኩ። እኔ ስንዱ! «ስንዱ የምትናገረው በዓመት አንድ ቀን፣ ለሚካኤል ብቻ ነው» እያልክ ጎረቤቱን የምታስቅብኝ ልጅህ!

ግን ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

ያን ቀን ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ስትመለስ፣ ከዳባት ወዲህ ታጣቂዎች ሚኒባሱ ላይ ተኩሰው አንተንና አምስት ሰው ገደሉ። አርባህ ሳይወጣ ሁለት ሰዎች መዝገብ ይዘው ቤታችን መጡ። ለሽብር ጥቃት ተጎጂ ቤተሰብ መንግሥት ካሳ ይሰጣልና ተመዝገቡ አሉን። አባትህ፣ አባባ ዘውዱ፣ ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጠው ነበር። «ካሳ» የምትለውን ቃል ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ተነሡ። አንተ ታውቃቸው የለም? ስንት የደም ጠብ ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው የሚያውቁት ካሳ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ከጠየቀ በኋላ የሚመጣውን ነው። ካሳ የተቀበለ ታርቋል፤ ደሙም ደርቋል ማለት ነው።

«ማን መጥቶ ይቅር በሉኝ አለን? የልጄን ደም አልሸጥም!» አሉና «አልቀበልም» የሚል ፎርም ላይ አውራ ጣታቸውን አተሙ። እማዬም ከአማቷ ቃል አልወጣችም። እኔ ከማጀት ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ፤ ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቀን እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ቤታችን ተለውጧል፣ አባዬ። በቅሎህን አሁን እማዬ ናት የምትነዳት፤ እህል ከገበያ ታመላልስባታለች። መጀመሪያ ወንዶቹ «ሴት ባለ በቅሎ ደግሞ መጣችልን!» እያሉ ሳቁባት። አሁን ጭነት ሲኖራቸው ደጃችን ቆመው እሷን ይጠብቃሉ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጫለሁ። አትቆጣኝ፤ ከሁለታችን አንዳችን እንማር ከተባለ ትንሿ ትርሲት ትማር ብዬ ነው።

በዚህ ሳምንት ከቀበሌ መልእክት መጣ። ቅሬታ ያለው ኀሙስ ደባርቅ ይቅረብ፣ ከዚያ ወዲያ መዝገቡ ይዘጋል አሉ። አባባ «እኔ ለመስማት ብቻ ነው የምሄደው» ብለው ከዘራቸውን ይዘው ተከተሉን።

አዳራሹ ጢም ብሏል። አንድ ኮት የለበሰ ወጣት ኃላፊ ደንቡን አነበበልን። ደመወዝተኛ ለነበረ ሟች ካሳው በደመወዙ ልክ ይታሰባል። የደመወዝ ወረቀት ለሌለው፣ ማለት ለገበሬው፣ ለነጋዴው፣ ለአንተ ለባለ በቅሎው፣ ዝቅ ያለ ነው። እምቢ ብለው ያተሙት ደግሞ ጉዳያቸው አልቋል። አጠገባችን የተቀመጠችው የመምህሩ ሚስት እትዬ ዓለም፣ ባሏ ከአንተ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ የሞተባት፣ የእኛን የወሰደች ይመስል አንገቷን ደፋች።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ነጠላዬ እንኳ ወንበሩ ላይ ተይዞ ቀረ።

«ሚኒባሱ ላይ ሁሉም የከፈለው አንድ ታሪፍ ነው» አልኩ። «የተኮሰባቸውም ሰው የማንንም ደመወዝ አልጠየቀም።»

ልቀመጥ ስል ከኋላ አንዲት ሴት «በርቺ ልጄ፣ ተናገሪ!» አለችኝ። ቀጠልኩ። አያቴ እምቢ ያሉት ጠግበው አይደለም አልኩ። ካሳ ስትሏቸው ከገዳዩ ጋር ታረቁ ያላችኋቸው መስሏቸው ነው፤ መንግሥት ስለምን እንደሚሰጥ ያስረዳቸው የለም።

ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንዲህ ነው እንዴ፣ አባቴ?»

አባባ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «አንተ ገዳዩ አይደለህ! ታዲያ ካሳውን ስለምን አንተ ትከፍለኛለህ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ወጣቱ ኃላፊም ፊቱ ቀልቶ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መንገዱን መጠበቅ የእኛ ሥራ ነበር፤ አልጠበቅነውም። የምንሰጠው ስለዚያ ነው። ገዳዩ ሲያዝ ግን ክሱ እንዳለ ነው» አለ፤ ሳይገባቸው ያተሙትንም እምቢታ ሰርዞ የመቀበያ ፎርም አወጣላቸው።

«ይኸን ጻፍልኝ።»

«ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም፣ አባቴ።»

«ኅዳጉ ላይ ጻፈዋ! ኅዳግ የተተወው ለምን ሆነና?»

ጻፈላቸው፣ አባዬ! በእጁ ጽሕፈት፣ ከፎርሙ ጠርዝ ላይ፦ «ይህ ክፍያ እርቅ አይደለም። የገዳዩ ጉዳይ አልተዘጋም።» አባባ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ፤ ከዚያ በኋላ ነው ጣታቸውን ያተሙት። ስምህ መዝገቡ ላይ ሲሰፍር በዓይኔ አይቻለሁ። ወዲያው ሌሎቹ ተሰለፉ፤ «ለእኔም ጻፍልኝ፣ ለእኔም» አሉ። እትዬ ዓለም ካሳዋ በባሏ ደመወዝ ልክ የተወሰነላት ሆና ሳለ «በእኔም ላይ ጨምርልኝ» አለች። ሁላችንም እኩል ይታሰብልን የሚለው አቤቱታ ሲጻፍ ደግሞ የመጀመሪያዋ ፈራሚ እሷው ሆነች። ኃላፊው እኩል ማድረግ ከእሱ አቅም በላይ እንደሆነ ነግሮን አቤቱታውን ወደ በላይ አካል ሊልከው ተቀበለን። ምን እንደሚመለስ አላውቅም።

ወደ ቤት ስንመለስ አባባ መንገድ ላይ ቆም ብለው፣ «ስንዱ፣ ዛሬ ሚካኤል ነው እንዴ?» አሉኝ። ያንተን ቀልድ! ከሞትክ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። እማዬም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ካሳው መጣም ቀረም ለመስከረም ትምህርት ቤት ትመዘግበኛለች።

አባዬ፣ የኅዳጓን ጽሑፍ በቃሌ ይዣታለሁ። ወረቀቱ ቢጠፋ፣ ኃላፊው ቢቀየር፣ ሰው ሁሉ ቢረሳ እኔ እላታለሁ። ሚካኤል ሲደርስ ዝክርህን እናወጣለን። ያን ቀን ስምህን ለቄሱ የምነግራቸው እኔ ነኝ፤ ከማጀት ሆኜ አይደለም፣ ከሰው ፊት ቆሜ።

ልጅህ ስንዱ