የዳማን ፍሪሲዮን ማን በላው?

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20፣ ማታ

ዛሬም ዝናብ። ሞተር ብስክሌቴን ዳማን መካኒኬ ግርማ ጋራዥ ጥያት መጣሁ። ከካዛንቺስ እስከ ቂርቆስ በእግሬ፣ ጫማዬ ውኃ እስኪጠጣ።

ኡራኤል ዳገት ላይ እምቢ አለችኝ። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሰማም። ከኋላዬ የመኪና ጥሩምባ። አንድ የሚኒባስ ረዳት አንገቱን አውጥቶ «ፋዘር፣ ልግፋልህ እንዴ?» አለኝ። ዳማን የሚገፋ ሰው ገና አልተወለደም ልለው ፈልጌ ነበር። ግን እየገፋኋት ነበር።

ጋራዡ በር ላይ አስነስቻት ግርማ ከውስጥ ድምጿን ሲሰማ «ፍሪሲዮን ነው ጋሼ» አለ። እሱን እኔም አውቃለሁ። ከመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤቴ በጨረታ ስገዛት የኪ.ሜ. መቁጠሪያዋ አንዴ ዞሮ ዜሮ ገብቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እኔም አዙሬዋለሁ። ሩቅ አገር የምትሄድ ሞተር ናት፤ ፍሪሲዮን ሞተሩን ከጎማው የሚያያይዝ ዲስክ ነው፣ ያልቃል፣ ይቀየራል። ያልገባኝ ሌላ ነው። ይሄኛው ሁለት ክረምት እንኳ አልሞላውም። የቀየረው ራሱ ግርማ ነው። ያኔ አዲስ ብሎ ያስገባው አዲስ አልነበረም ይሆን?

ሳምንት አይሞላም ብሏል። እንዳይሞላ። ለመስቀል ቡታጅራ፣ እህቴ አስካለ ዘንድ መድረስ አለብኝ። በዳማ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንድም መስቀል በሰው መኪና አልሄድኩም፣ ዘንድሮም አልጀምርም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24፣ ከሰዓት

ጋራዥ ነበርኩ። በርጩማ ስቤ አጠገቡ ልቀመጥ ነበር፣ እንደ ወትሮዬ። እኔ ሳላይ ከዳማ የተፈታ ብሎን የለም። ዛሬ ግን ቀድሞኝ ፈትቶ ጨርሷል። ማርሹ ያለበት ካምቢዮ ወርዶ ካርቶን ላይ ተኝቷል። ለምን አልጠበቅከኝም ብለው፣ በዚህ ዝናብ ጋሼን ላለማንገላታት ነው አለ። ሃያ ዓመት ሲያንገላታኝ የኖረ ሰው።

(ከዛሬ ጀምሮ ግ. ነው። ሙሉ ስሙን የምጽፍለት ሲገባው ነው።)

አሮጌውን ዲስክ ስጠኝ አልኩት። አንተ ታውቃለህ ደብተሬ፤ አሮጌ ዕቃዬን በፌስታል ሳልይዝ ከጋራዥ ወጥቼ አላውቅም። አልጋዬ ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ አለ። አሮጌውን ካላየሁ አዲሱ መግባቱን በምን አውቃለሁ? ግ. ግራ ቀኝ አየ። እዚህ ነበር፣ ቆይ እፈልገዋለሁ፣ ሰኞ ይወስዱታል አለ። ሳህን የሚያህል ብረት ነው፣ ኪስ ውስጥ አይጠፋ።

አዲሱ ደግሞ ከዱባይ በሰው ነው የሚመጣው። መቼ? «ሰሞኑን ጋሼ፣ በቃ ሰሞኑን።» ወጣሁ። ባዶ እጄን።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 29፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

አስካለ ደወለች። የጤና፣ የዝናብ፣ የጎረቤት። ከዚያ ድንገት፣ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ይገባል፣ መናኸሪያ ሰው ልላክልህ ወይ ትላለች። የምን አውቶቡስ? መስመሩ ተበላሸ፣ አይሰማኝም አለች። መስመሩ ደህና ነበር፤ ግቢዋ ውስጥ ፍየሏ ስትጮኽ እሰማለሁ።

ዳማ ጋራዥ መግባቷን የምናውቅ ሦስት ነን። እኔ፣ ግ.፣ እና ልጄ ሰላም። ግ. የአስካለን ስልክ አያውቅም።

ሰላም ቴሌቪዥን ታያለች። ባንክ ቤት ነው የምትሠራው፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ የዚህ ቤት አዛዥ እሷ ናት። ሌላ ጊዜ አክስቷ ስትደውል ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ነበር የምታወራው። ዛሬ ቀና እንኳ አላለችም። ማስታወቂያ ነበር የምታየው። የሳሙና።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ግ. አዲስ ምክንያት አወጣ። ሰውየው ከዱባይ ገብቷል፣ ሻንጣው ግን አልገባም። አሮጌውስ? የጋራዡ ዘበኛ ሳያውቅ ከቆሻሻ ጋር ጥሎታል። ዘበኛውን ጠየቅኩት፤ የምን ዲስክ አለኝ። ግ. እየሰማ ሳለ ጣቱን በጨርቅ ይጠርጋል። የተጠረገ ጣት ነው።

ማታ። ሰላም ልብስ ታጥባለች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ጠራ። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። «ግርማ መካኒክ» ይላል። አልነካሁትም። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ።

ሰላም መኪና የላት፣ ሞተር የላት። ከመካኒክ ጋር ምን ያነጋግራታል?

ገባኝ። ሊሸጡብኝ ነው። ወሎ ሰፈር አሮጌ ሞተር የሚሰበስብ ሰውዬ አለ። አምና ግ. ጋራዥ መጥቶ ዳማን ሲዞራት፣ እንደ በግ ሲዳብሳት ነበር። ለሰላም ስነግራት ስቃ፣ አባዬ እሺ በለውና ትገላገላለህ ብላኝ ነበር። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

የገዛ ልጄ። ከፋኝ። ራት አልበላሁም፤ ሆዴን ነው አልኳት።

ሐሙስ፣ መስከረም 1

እንቁጣጣሽ። የሰፈር ልጆች አበባ ይዘው መጡ፣ ሸኘናቸው። ሰላም ሹራብ ገዝታልኛለች፤ ቁልፍ የሌለው፣ በራስ የሚጠለቅ። ለምን ቁልፍ የሌለው? አልጠየቅኩም።

ምሳ ላይ ታየኛለች። ፊቴን አይደለም፣ ግራ እጄን። ብርጭቆ ላነሳ ስል ቀድማ አነሳችልኝ። እጄን ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩ። እሷም ወጡን ማማሰል ጀመረች።

እጄ ደህና ናት። በክረምት ትደነዝዛለች፤ የማንስ እጅ አይደነዝዝም? ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት የሸሚዜን ቁልፍ አልይዝ ብላ ነበር፣ አለፈ። አንዴ ደግሞ የቤቴ ቁልፍ ሳላውቀው ወድቆ በር ላይ አገኘሁት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንተም ዛሬ ነው። የምጽፈው በቀኝ ነው፣ ስለዚህ አታውቅም ነበር።

ማክሰኞ፣ መስከረም 6፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

  በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ምሳ ሰዓት ጠብቄ ሄድኩ። ግ. የለም። ዘበኛው ያውቀኛል፣ አስገባኝ። ዳማ እንደተፈታች ናት። መደርደሪያውን ፈተሽኩ፤ አዎ፣ እንደ ሌባ። ከዘይት ቆርቆሮዎቹ ጀርባ ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛው አዲስ ዲስክ ከነካርቶኑ። ከዱባይ ሻንጣ የሚጠበቀው። ሁለተኛው በፌስታል የታሰረ አሮጌው።

ያዝኩህ አልኩ ለብቻዬ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም።

ፌስታሉን ፈትቼ በር ላይ፣ ብርሃን ውስጥ አየሁት። በኪ.ሜ. ያለቀ ዲስክ አውቃለሁ፣ አልጋዬ ሥር አሉ፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሳሳው። ይሄ ግን ተቃጥሏል። ብረቱ ሰማያዊ ሆኗል። በላዩ የተለበጠው ሸራ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ይሸታል። ፍሪሲዮን እንዲህ የሚሆነው ሙሉ ሳይያዝ፣ ሙሉ ሳይለቀቅ፣ በግማሽ ሲኖር ነው። እንዲህ የሚያቃጥለው ገና የሚማር ሰው ነው። ማን ነዳት? ቁልፏ አንገቴ ላይ ነው የሚያድረው። ከእኔ በቀር የነዳት የለም።

መብራት ሲይዘኝ ማርሽ አላወጣም። ድሮም ልማዴ ነው፤ አንደኛ አስገብቼ፣ ፍሪሲዮኑን ይዤ ነው አረንጓዴውን የምጠብቀው። የምይዘው በግራ እጄ ነው።

ግ. ሲገባ በርጩማው ላይ ዲስኩን ታቅፌ አገኘኝ። የዘይት ቆርቆሮዎቹን ወደ ቦታቸው መለሰ። ከዚያ «ጋሼ፣ እንዳያዩት ብዬ ነው የደበቅኩት። ሰላም መጥታ ስለ እጅዎ ነግራኝ፣ ሞተሯን አቆይልኝ ብላ ስትለምነኝ መጀመሪያ እምቢ ብያት ነበር። ማለቴ፣ የእርስዎ ሞተር ነው፣ እኔ ምን አገባኝ። ዲስኩን ሳየው ግን ፈራሁ። መስቀል ይለፍ ተባባልን፣ በቃ» አለ። የወሎ ሰፈሩስ ሰውዬ አልኩት። «የምን ሰውዬ? ይሄን አዲሱን ያስመጣችው እኮ ራሷ ሰላም ናት።»

ማመስገን ነበረብኝ። ተናደድኩ። ግጠማት አልኩት፣ ቅዳሜ፣ ዓይኔ እያየ። ለሰላም አልነገርኳትም። አሮጌውን ይዤ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 10

ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ። ግ. ሲገጥም አየሁ፣ እያንዳንዱን ብሎን።  ከሰዓት ፀሐይ ወጣች። ዳማ በመጀመሪያው ተነሳች። ያንን ድምፅ ስሰማ ሁሉንም ይቅር ልላቸው ተቃርቤ ነበር።

ግቢው ውስጥ ልሞክራት ወጣሁባት። ፍሪሲዮኑን ያዝኩ። አዲስ ነው፣ ጠንከር ይላል። አንደኛ አስገባሁ። ግ. ከፊቴ የወደቀ የብሎን መፍቻ ሊያነሳ ጎንበስ አለ።

እጄ ተከፈተ።

እኔ አልከፈትኳትም። በእግዚአብሔር ስም አልከፈትኳትም፤ እየያዝኩ ነበር፣ እየያዝኩ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር። ዳማ ዘለለች። ግ. ወደ ጎን ተወረወረ፣ ጎማዋ የቱታውን እግር ረግጦ፣ ቆርቆሮ አጥሩን ገጭታ ቆመች። ግ. ተነስቶ አቧራውን አራገፈ። «ምንም አይደለም ጋሼ፣ ምንም አይደለም» ይላል፣ ፊቱ ግን አመድ መስሏል። ሁለት ልጆች አሉት። ትንሿ ገና አትሄድም።

ሞተሯን አጥፍቼ ቁጭ አልኩ። ስንት ጊዜ መብራት ላይ ከፊቴ ሰው አቋርጧል? የተማሪ ልጅ፣ ነጠላ የለበሰች እናት። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ይሄን ሁሉ ሳምንት ሌባ ስፈልግ ነበር።

ሮብ፣ መስከረም 14፣ ማታ

እሁድ ለሰላም ነገርኳት። ዲስኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ እጄን አጠገቡ። አለቀሰች። ከሰኔ ጀምሮ ታውቃለች፤ ሻይ ስቀዳ አይታኝ። ለምን አልነገርሽኝም ብላት «ብነግርህ ትሰማኝ ነበር አባዬ?» አለች። አልሰማትም ነበር።

ሰኞ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። አንገት ላይ ነርቭ ተጭኖ ይሆናል፣ ከበዓሉ በኋላ ፎቶ ይነሱ አለ። ሞተርስ ስለው መጀመሪያ የቀለድኩ መሰለው። ከዚያ፣ ምርመራው እስኪያልቅ እንዳያስቡት አለኝ። እስኪያልቅ የምትለዋን ይዤ ወጣሁ።

ዛሬ ግ. ቤት መጣ። እናቱ ያሉት ከቡታጅራ ወዲህ ነው፤ በየዓመቱ መናኸሪያ ተጋፍቶ ነው የሚሄደው። እኔ ልንዳት፣ እርስዎ ከኋላ ይሁኑ አለ። እምቢ አልኩት። የኋላው ወንበር የሚስቴ ነበር፤ ከእሷ ወዲህ ጭነት እንጂ ሰው አልተቀመጠበትም። ሰላም ሻይ አቀረበች።  ዝናቡ ቆሟል። ሚስቴ ስንት መስቀል እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ቀስ በል እያለችኝ ቡታጅራ እንደገባች አሰብኩ። አንድ ቀን እንኳ ልንዳ አላለችም፣ አንድ ቀን እንኳ አልቀረችም።

ወስኛለሁ። ነገ 12 ሰዓት እንነሳለን። ከፊት ግርማ፣ ከኋላ እኔ። ሙሉ ስሙን ጻፍኩለት፣ አየህ። ቁልፏን ከአንገቴ አውጥቼ ሰጠሁት። ዳማ ዛሬ እሱ ጋ ነው የምታድረው። አንገቴ ቀለለኝ፣ አልወደድኩትም።

አስካለ ጋ ደወልኩ። አውቶቡስ የለም፣ በዳማ ነው፣ የሚነዳኝ ሰው አለ አልኳት። አንተን? ሰው? አለች። ከዚያ መስመሩ ተበላሸ። ዛሬስ እውነት ሳይበላሽ አልቀረም፤ ስታለቅስ ግን ሰማኋት።

ሐሙስ፣ መስከረም 15፣ ከንጋቱ 11:45

ለብሻለሁ። ቁልፍ የሌለውን ሹራብ። ሰላም ሻርፕ አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝ። አሮጌውን ዲስክ በፌስታል ይዤዋለሁ፤ አስካለ ለምን ከኋላ ብላ መጠየቋ አይቀርም።

መጣች። የዳማን ድምፅ ከቂርቆስ ቤ/ክ መታጠፊያ ጀምሮ ለየሁት። ሦስተኛ። ሁለተኛ። እሺ። አሁን ቁልቁለቱ ላይ አንደኛ ሊያስገባ ነው። አልያዘውም። ፍሪሲዮኑን ሙሉ አልያዘውም፣ ማርሹ ሲንቋቋ እዚህ ድረስ ይሰማል፣ ገና በመጀመሪያው ቀን አዲሱን ሊበላብኝ ነው፣ ልውጣና ልንገረው —