የበያጁ የአቶ ጌዴዎን ተክለ ማርያም ሕይወት፣ የቀናባቸው ታናሽ ወንድማቸው እንደጻፈው

አቶ ጌዴዎን ተክለ ማርያም ከአባታቸው ከመሪጌታ ተክለ ማርያም ገብረ ሥላሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሠርክአዲስ ይማም፣ በአምባሰል ወረዳ ከውጫሌ ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚያስኬድ መንደር ሚያዝያ 12 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። እሳቸው የተወለዱ ዕለት ሲጠበቅ የቆየው ዝናብ ዘነበ እየተባለ በቤታችን ሲወራ ኖሯል። ይህን የምጽፈው ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው ቤት የተወለድሁት ታናሽ ወንድማቸው ቅዱስ ነኝ። እኔ በተወለድሁ ዕለት አየሩ እንዴት እንደነበር ያስታወሰ ሰው የለም።

የሕይወት ታሪክ ሟችን ለማመስገን እንደሚጻፍ አውቃለሁ። ነገር ግን እኔ እንድጽፈው ያዘዙት ራሳቸው ሟቹ ናቸው፤ ለምን እንዳዘዙ በቦታው ይነገራል። ለአሁኑ ለቀስተኛው ይህን ያህል ይወቅ፦ ዕድሜዬን ሙሉ በወንድሜ ቀንቻለሁ፤ ቅናቴም የእሳቸውን ሥራ የእኔ ነው እስከ ማለት አድርሶኛል። ያንን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሳልመልስ አፈር እንዲለብሱ አልፈልግም።

አቶ ጌዴዎን ሰባት ዓመት ሲሞላቸው አባታችን ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ወስደው ለየኔታ ሰጧቸው። ዳዊት በአንድ ዓመት ደገሙ። እኔ በተራዬ ሄጄ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ድቁና ተቀበሉ፤ ድምፃቸውም ያማረ ስለነበር ሲቀድሱ ሴቶች ያለቅሱ ነበር። አባታችን መሪጌታ የሁለታችንንም ዜማ ካዳመጡ በኋላ እኔን ጠርተው፣ «አንተ ልጄ፣ እጅህን የሚያሠራ ነገር ፈልግ» አሉኝ። እንግዲህ የእጅ ሥራ እንኳ ለእኔ ይቀራል ብዬ ተጽናናሁ።

አልቀረልኝም። አቶ ጌዴዎን በሐይቅ ከተማ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በ1968 ዓ.ም. ደሴ ወርደው በአንድ ጋራዥ ብየዳ መማር ጀመሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ እኔም ተከትያቸው ሄድሁ። ባለ ጋራዡ ለእሳቸው የብየዳ መነጽር፣ ለእኔ መጥረጊያ ሰጠን። መነጽሩ ለእኔ እስኪደርሰኝ እሳቸው የጭነት መኪና ሻንሲ ይበይዱ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ወደ ሐይቅ ተመልሰው በዋናው መንገድ ዳር የብረታ ብረት ሥራ ቤታቸውን ከፈቱ። በር፣ መስኮትና አልጋ ይሠሩ ነበር። እኔም በ1978 ዓ.ም. ከመንገዱ ማዶ ልክ ፊት ለፊታቸው ከፈትሁ። ሰው ይህን የወንድም ፍቅር ነው አለው። ፍቅር አልነበረም፤ ማን ወደ እሳቸው በር እንደሚገባ ለማየት ነበር።

በጥር ወር 1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጥሩብርሃን ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። በጋብቻቸው አልቀናሁም። የሠርጋቸውን ዳስ ብረት ግን ሳምንት ሙሉ የበየድሁት እኔ ሆኜ ሳለ፣ እንግዳው ሁሉ «የሙሽራው እጅ ያስታውቃል» እያለ ሲመርቅ ውሏል። እሳቸው «የቅዱስ ሥራ ነው» ብለው ተናገሩ፤ ሰውም ትሕትናቸውን አደነቀ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1999 ዓ.ም. የሐይቁ ሹፌር ኑርዬ፣ ልጃቸው ረቢያ ሳውዲ ሠርታ የገዛችላቸውን ሚኒባስ ይዘው መጡ። መኪናዋ ጣሪያዋ ባዶ ነበር። በመስከረም ለግሸን ማርያም ንግሥ የሚሄደው ሰው ስንቁንና ብርድ ልብሱን ጭኖ ይሄዳል፤ ሲመለስ ደግሞ የጠበል ጀሪካኑን ይጨምርበታል። ያ ሁሉ ዕቃ በተሳፋሪ ጭን ላይ ነበር የሚጓዘው። ስለዚህ ኑርዬ ጣሪያው ላይ የሚገጠም የዕቃ መጫኛ፣ እኛ ፖርቶ መጋላ የምንለውን፣ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ የመጡት ወደ እኔ ነው።

እኔም ከወንድሜ የሚበልጥ ነገር ልሥራ ብዬ ለበር መቃን የሚሆን ወፍራም ብረት መረጥሁ። እግሮቹን በቀጥታ ከጣሪያው ጋር በየድኋቸው። አረንጓዴ ቀባሁትና ስሜን በትልቁ ጻፍሁበት። ኑርዬ ተሳላሚዎችን ጭነው የግሸንን ዳገት ሲወጡ የብየዳዬ ዙሪያ ተሰነጠቀ፤ ሲመለሱ የጣለው ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ አንድ ቄስ ከነጥምጥማቸው በሰበሱ። ኑርዬ በማግስቱ መኪናዋን ከመንገዱ ማዶ አቆሟት።

አቶ ጌዴዎን ሦስት ቀን ሙሉ ብረት ሳይነኩ መኪናዋን ሲዞሯት ዋሉ። ከዚያ የእኔን ሥራ ቆርጠው አነሱ፤ ጣሪያውን ደፈኑ። አዲሱን ውስጡ ክፍት ከሆነ ቀላል ብረት፣ ከቱቦላሬ ሠሩት። አንዱን ማዕዘን ነካ አድርገው በይደው በሰያፍ ወዳለው ይሄዳሉ፤ እስኪበርድ ይጠብቁና ወደ ሦስተኛው ያልፋሉ። ብረት ባንድ ወገን ሲግል እንደሚጣመም ሁላችንም እናውቃለን፤ ለመጠበቅ ትዕግሥቱ የነበራቸው እሳቸው ናቸው። እግሮቹን ከጣሪያው ጋር አልበየዷቸውም፤ ከመኪናዋ የዝናብ አሸንዳ ላይ በብሎን አጠበቋቸው እንጂ። በብረቱና በአሸንዳው መካከልም የአሮጌ ጎማ ከመነዳሪ ቆርጠው አስገቡ። ሲጨርሱ ወጥተው በጀርባቸው ተኙበትና «ኑርዬ፣ ንዳት» አሉ። ኑርዬም እስከ ሐይቁ መገንጠያ ነድተው መለሷቸው። ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር ከተማው ሁሉ ሳቀ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ራሳቸው ያልተኙበትን አስረክበው አያውቁም። ሹፌሮቹም ሥራውን «የጌዴዎን አልጋ» ብለው ጠሩት። እኔ ስሜን በቀለም ጽፌ ዝናብ አጠበው፤ እሳቸው ምንም ሳይጽፉ ስማቸው ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ተጠራ።

በ2001 ዓ.ም. የጥቅምት እስጢፋኖስ በዓል ዕለት አቶ ጌዴዎን ከነቤተሰባቸው ወደ ገዳሙ ሄዱ። እኔ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። የኑርዬ ፖርቶ መጋላ ቀለም ሊታደስ ወርዶ ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሜትሬን ይዤ ገባሁና ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካሁት። ከኋላ በስተግራ ያለው እግር ከሌሎቹ በሁለት ጣት ያጥራል። ዋናው ምስጢር ይህ ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ ሁለት ጊዜ ለክቼ ጻፍሁት።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ፖርቶ መጋላ ሁሉ ከኋላ በስተግራ አጭር እግር ነበረው። ሹፌር ሲጠይቀኝ «ዝናብ እንዳይቆምበት ነው» እላለሁ፤ እሱም ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። በ2002 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን በተዘጋጀ ጊዜ ይህንኑ የራሴ ፈጠራ ነው ብዬ አቀረብሁ፤ የምስክር ወረቀትም ተሰጠኝ። አቶ ጌዴዎን ከተሰበሰበው ሰው መካከል ቆመው አጨበጨቡልኝ። እኔም ወረቀቱን በመስታወት አስገብቼ፣ ከእሳቸው በር እንዲታይ አድርጌ ሰቀልሁት።

ልጃቸው ማህደር ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ከአባቷ ጋር ብየዳ ያዘች። ወንዶቹ ወንድሞቿ ሌላ ሥራ ሲመርጡ እሷ መነጽሩን አጠለቀች። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. አባቷ በሳንባ ሕመም ከተያዙ ወዲህ ሥራ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት። እጇ የአባቷ እጅ ነው፤ በይዳ ትጠብቃለች።

ባለፈው ግንቦት በውጫሌ መስመር የሚሠሩ ሹፌሮች ለመስከረሙ የግሸን ጉዞ ለአሥራ ሁለት ሚኒባሶች ፖርቶ መጋላ ሊያሠሩ ወደ ሐይቅ መጡ። ማህደር የሠራችውን አሳየቻቸው። ከመካከላቸው አንዱ ከመንገዱ ማዶ የተሰቀለውን ወረቀቴን አንብቦ ኖሮ፣ «ይኸማ የአጎትሽ ፈጠራ ነው፤ አንቺ ቀድተሽ ነው» አላት። ልጅቷ መንገዱን ተሻግራ መጣች። «ጋሼ ቅዱስ፣ እስቲ አንቱ ንገሯቸው» አለችኝ። አሥራ ሁለቱን መኪና አሰብሁ። ወደ ወረቀቱ አየሁና «የተጻፈው ይኸው ነው» አልሁ። ማህደር መንገዱን ተሻግራ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሥራው ለእኔ ሆነ።

ኑርዬ ይህን ሲሰሙ ሥራ ቤቴ ድረስ መጡ። «ወላሂ ቅዱስ፣ ዝም ልል ነበር» አሉኝ። «ያን አጭር እግር ታውቀዋለህ? ያኔ አንተ የበየድኸው ሲነሳ የመኪናዬ አሸንዳ ከኋላ በስተግራ ወደ ላይ ተጣሞ ቀረ። ጋሼ ጌዴዎን እግሩን ያሳጠሩት ለእሷ ለአንዲቷ መኪና ነው። የሌላ ሰው መኪና ምን በወጣው ያዘነብላል?»

እንግዲህ ከወንድሜ የሰረቅሁት የገዛ ጥፋቴን ነበር። ከውጫሌ እስከ ሐይቅ ዕቃው ወደ ግራ የሚንሸራተትበት መኪና ሁሉ የእኔ ሥራ ነው። ኑርዬ ግን አልጨረሱም። ሹፌሮቹ ለካስ እኔን እንዳያስቀይሙ በጓሮ ወደ አቶ ጌዴዎን ይሄዱ ኖሯል። እሳቸውም ባጠረው እግር ሥር ሁለት ጣት ላሜራ እያስገቡ፣ «የቅዱስ ሥራ እንከን የለውም፤ መንገዱ ነው የሚያንሸራትተው» ብለው ይሸኟቸው ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ አድርገዋል። ይህን ስሰማ ያመሰገንኋቸው እንዳይመስላችሁ። በደግነታቸውም ቀናሁ።

አቶ ጌዴዎን በደሴና በአዲስ አበባ ሕክምናቸውን ሲከታተሉ ቆይተው በሰኔ ወር ቤታቸው ተመለሱ። በዚያው ሰሞን አስጠሩኝና በትራስ ተደግፈው ቀና አሉ።

«የሕይወት ታሪኬን አንተ ጻፈው» አሉኝ።

«ልጆችዎ አሉ አይደል፣ ጋሼ?»

«ልጆቼ ያመሰግኑኛል። ሥራዬን በሜትር የለካው ግን አንተ ነህ። የት ላይ እንደሚያጥር አሳምረህ ታውቀዋለህ።» ይህን ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ወይዘሮ ጥሩብርሃን ውኃ አጠጧቸው።

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። በዚያ የእስጢፋኖስ ዕለት መለካቴን ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቁ ነበር። ስለ ማህደር አንድም ነገር አላነሱም። ቢያነሱት ኖሮ እከራከራቸው ነበር፤ ስላላነሱት ግን መጻፊያ ወረቀት ልፈልግ ወጣሁ።

አቶ ጌዴዎን ተክለ ማርያም በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ንስሐ ገብተው፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ሠላሳ ስምንት ዓመት በትዳር አብረዋቸው የኖሩትን ወይዘሮ ጥሩብርሃንን፣ ሦስት ልጆችን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል።

በውጫሌ መስመር የምትሠሩ ሹፌሮች ዛሬ ለቀብር እንደምትመጡ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ይህ ለእናንተ ነው። ፖርቶ መጋላውን ያሰቡትና የሠሩት አቶ ጌዴዎን ናቸው። ማህደር የቀዳችው የለም፤ ከአባቷ ተምራ ነው። የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ እሱንም አበላሽቼ። የአሥራ ሁለቱን መኪና ብረት ገና አልቆረጥሁም፤ ሥራው የማህደር ነው። የምስክር ወረቀቱን ዛሬ ጠዋት ከግድግዳዬ አውርጄ ለወይዘሮ ጥሩብርሃን አስረክቤያለሁ። ማህደርንም አጎቷ ሰው ፊት እንዳሳፈራት፣ ሰው ፊት ይቅር በይኝ እላታለሁ። ይቅር ባትለኝም ሥራው የእሷ ነው።

ይህን የሚያነቡልኝ ቀሲስ አንዱንም ቃል እንዳይዘሉ ለምኛቸዋለሁ። ለእኔ ቀብር ይህን ያህል ሰው እንደማይመጣም አውቀዋለሁ፤ ነገሩ ቢቆጨኝም የሚገባው ለእሳቸው ነው።

የእጃቸውን ሥራ ከጅምሩ ያየ አምላክ ወንድሜን ከደጋጎቹ አባቶች ጋር ያሳርፍልኝ፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናቱን ይስጥ። እኔም ከነገ ጀምሮ ሥራ ቤቴን ስከፍት፣ ከመንገዱ ማዶ የምቀናበት ወንድም የለኝም።