ጤነኞች መሆናችንን ስላበሠሩን

ለቡና መቀሸሪያው ፋብሪካ የአየርና የጤና ጥናት «በቂ ነው» ብለው ለፈረሙት ክቡር ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ ትንፋሽ ሳያጥራችሁ፣ ደረት ሳይከብዳችሁ ተኝታችሁ እንድታድሩ እጸልያለሁ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፤ ተኝቶ ማደር ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ እኛ የበቾ ቦሬ ነዋሪዎች እናውቀዋለን።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያልዘለልኩ፣ ባለቤቴን የቀበርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ በቀበሌው ሰሌዳ የተለጠፈውን የጥናቱን ማጠቃለያ ደጋግሜ አንብቤ ካልገባኝ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከአጥራችን ማዶ ከነቅርፊቱ የደረቀ ጀንፈል ቡና የሚቀሽር ትልቅ ፋብሪካ እንደሚተከል፣ ገለፈቱን፣ ማለት የተፈለፈለውን ቅርፊትም፣ እዚያው እንደሚያነድ ገብቶኛል። ያልገባኝ፣ ጭሱ የሚገባው እኛ ደረት ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ ስለ ደረታችን ከእርስዎ መስማታችን ነው። ቢሆንም ለምሥራችዎ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ አየራችን ንጹሕ ስለተባለልን። ባለሙያዎቹ መሣሪያ ይዘው እንደሚመጡ ቀድሞ ስለተነገረን፣ እንደ ወጋችን እንግዳ ለመቀበል ተነሣን። አቧራ እንዳይነሣ መንገዱ ላይ ውኃ ረጨን፤ ባጃጆቹ በላይኛው መንገድ እንዲዞሩ ለመንን፤ ከድሮም በሰፈራችን ያለችው አሮጌ መቀሸሪያ ዘበኛ ኢስሃቅም፣ እንግዳ ላይ ጭስ መልቀቅ ነውር ነው ብሎ፣ ከኅዳር ጀምሮ ሲጨስ የከረመውን የገለፈት ክምር በባልዲ ውኃ አጠፋው። እንግዶቹ ሲሄዱ መልሶ ለኮሰው። እርስዎ ግን ያችን ቀን የዓመት ልክ አድርገው፣ አየራችን «ተጨማሪ ጭስ የመሸከም አቅም አለው» አሉልን። አህያ እንኳ ለጭነት ስትታይ እንዲህ አትሞገስም።

ሁለተኛ፦ በመካከላችን አንድም ሕመምተኛ ስላልተገኘ። መጠይቁን ይዛ የመጣችው ትሑት ልጅ በየደጃፉ ቆማ ጤናችን እንዴት እንደሆነ ጠየቀች። እዚህ አገር ለዚህ ጥያቄ ምን እንደሚመለስ እርስዎም አይጠፋዎትም። የአጥር ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘይቡ፣ በአስም ደረታቸው እንደ ወናፍ እየነፋ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ፈያዳ፤ ደኅና ነኝ» አሉ። እኔም ሳሌን ዋጥ አድርጌ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ሁለታችንም ጤነኛ ተብለን ተመዘገብን። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ምስጋናዬ ሐሰት ነበር ወይ ብዬ ራሴን መርምሬአለሁ። አልነበረም። ያመሰገንኩት ፈጣሪዬን ነው እንጂ አየሩን አይደለም፤ ይህን ለመለየት ዲግሪ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም ነበር።

ሦስተኛውን ባልጽፈው በወደድኩ። ልጅቷ በዚህ ቤት የመተንፈሻ ሕመምተኛ አለ ወይ ስትለኝ፣ የለም አልኳት፤ እውነቴን ነው። ባለቤቴ ውቢት ባለፈው ዓመት አርፋለች፤ ሐኪሙም ሳንባዋ በጭስ የተጎዳ መሆኑን ነግሮናል። መጠይቅዎ ግን «ነበረ ወይ?» የሚል የለውም። መሞቷ ቁጥሩን አሳምሮ እርስዎን ካስደሰተ ምን ይደረጋል፤ ውቢት በሕይወቷም ሰው ማስከፋት አትወድም ነበር።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ጥናቱ እንደገና ይሠራ፤ ሳይነገረን ይምጡ፣ የቅሸራውን ወራት ሙሉ ይለኩ፣ ደረታችንንም በሐኪም ያስመርምሩ። ወይዘሮ ዘይቡ አጥሩ ሥር ናቸው፤ ፋብሪካው እንዲህ እንዳለ ከተተከለ አንድ ኅዳር እንኳ የሚሻገሩ አይመስለኝም።

እስከ መሬት ዝቅ ብዬ፣ ጭስ በበዛበት መተንፈስ የሚቻለው እዚያ ነውና፣ እጅ የምነሳው
ለይኩን፣ ከበቾ ቦሬ

ከፊርማዬ በኋላ፦ ጤነኛ መባላቸውን ሳነብላቸው ወይዘሮ ዘይቡ በአፍ የሚነፉትን መድኃኒት ከጉያቸው አውጥተው፣ «እንግዲያ ምን ያደርግልኛል፣ ለእሳቸው ላክላቸው» ብለው ሰጡኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ላያይዘው አስቤ ነበር። ነገር ግን ደጄን ሳልረግጥ ትንፋሽ አጥሯቸው ስላስጠሩኝ ሮጬ መለስኩላቸው። ደብዳቤዬ ያለ አባሪ ስለደረሰዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ።