በአንድ በር ሁለት ጓጉንቸር

ሚል ሆሎው፣ ኒው ጀርዚ
መጋቢት 1801

ለምወድህና ለናፈቅሁህ ወንድሜ፤

ይህ ወረቀት ተራራውንና ወንዙን ተሻግሮ እጅህ ሲገባ በደህና ያግኝህ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ያ ሳል ለቀቀህ ወይ? ኬንታኪ ብርዱ ይጠናል ወይስ እንደ እኛው ነው? እኔ ደህና ነኝ። አባታችንም ጉልበቱን ይቆረጥመዋል እንጂ ደህና ነው፤ ድምፁማ ዛሬም ከጓሮ ሲጣራ እስከ ወፍጮው ይሰማል። ቀይዋ ላም ወልዳለች።

የምጽፍልህ ግን ስለ ላም አይደለም። ያየሁትን ለአንድ ሰው ካልነገርሁ የሚያፍነኝ ስለመሰለኝ ነው።

አንተ የሪፐብሊካኖቹን ባለ ሦስት ቀለም ሪባን ባርኔጣህ ላይ ሰክተህ ራት የቀረብህ ቀን፣ አባታችን «ወይ ሪባኑ ወይ ቤቱ» ሲልህ፣ እኔ የአባትና የልጅ ጠብ ነው ብዬ ነበር። ለካ ጠቡ በየቤቱ ኖሯል። አንተ ከሄድህ ወዲህ ብሶበት፣ እንደ አባታችን ያለው ፌደራሊስት ጥቁር ሪባኑን፣ ሪፐብሊካኑም የራሱን እየሰካ፣ አንዱ ከአንዱ ሻማ መግዛት ተወ። መጠጥ ቤቱ ሁለት ሆነ። ወይዘሮ መሂታቤል ምጥ ይዟት እንኳ «የዚያች የሪፐብሊካን አዋላጅ እጅ አይነካኝም!» ብላ፣ የወገኗ አዋላጅ ከሩቅ መንደር እስክትመጣ ልትጠብቅ አሰበች። ልጁ ግን አልጠበቀም፤ ራሱ መጣ። ሰዉ «ይሄስ የማንም ወገን አይደለም» እያለ ሲስቅ ሰነበተ።

ብረት ቀጥቃጩን ዞፋር ክሬንን ታውቀዋለህ። ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር በተዋጋንበት ጊዜ ጢም ሳያበቅል በአባታችን ጦር ገብቶ፣ መድፍ አጎራረስ ከአባታችን እጅ ነው የተማረው። አባታችን እንደ ልጁ ነበር የሚያየው። ዞፋር የሪፐብሊካኖቹ አለቃ ከሆነ ወዲህ ግን፣ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ አጥር፣ አንዱ ሰማይ እያየ ያልፉ ነበር። አባታችን ፈረሷን የኮቴ ብረት ለማስመታት እንኳ እስከ ኒውአርክ ይወስዳት ጀመር፤ የዞፋር መዶሻ ከደጃችን እየተሰማ!

በጥቅምት ምርጫ ሆነ። ባሌ ካረፈ ወዲህ እርሻው በስሜ ነውና፣ ድምፅ ስጪ ተባልሁ። የጀርዚ ሕግ ስለ መራጭ ሲናገር «እሱ ወይም እሷ» ይላል። ወንድሜ፣ አንተ ብዙ አገር ዞረሃል፤ ሕግ «እሷ» ሲል ሰምተህ ታውቃለህ?

አባታችን በጋሪው ወሰደኝ። መንገዱን ሙሉ የፌደራሊስቶቹን ዕጩዎች አንድ በአንድ ሲያመሰግንልኝ ሄደ። በሩ ላይ ጠበቃው ጃቤዝ ሃልሲ፣ ያ የጥቁር ሪባን ጎረምሶች መሪ፣ «እመቤቴ፣ ወረቀቱ በየት በኩል እንደሚታጠፍ ላሳይዎት?» ብሎ አሾፈብኝ። አባታችን «ልጄ አንተ ሳትወለድ ማንበብ ታውቃለች፤ ዘወር በል!» አለው። ወረቀቱን ሳጥኑ ውስጥ ጣልሁ። ከላባ የማይከብድ ነገር ነው፤ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደቆምሁ ዓይነት ፍርሃት ያዘኝ።

ስንመለስ ለማን እንደሰጠሁ አልጠየቀኝም። ደጃችን ስንደርስ ብቻ ልጓሙን እየፈታ፣ ሳያየኝ «ወረቀቱ ያንቺ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ አላነሳውም።

ከዚያ ክፉው የበረዶ ወራት መጣ። ወሬውን እናንተም ጋ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ፌደራሊስቱ አሮጌው ፕሬዚዳንታችን ተሸነፈ፤ ሆኖም የሪፐብሊካኖቹ ዕጩ የቨርጂኒያው ሰውና የራሱ ወገን የሆነው የኒውዮርኩ ሰው እኩል ድምፅ አገኙና፣ ከሁለቱ አንዱን ምክር ቤቱ ይምረጥ ተባለ። እዚያ ደግሞ የአባታችን ወገን መንገዱን ዘጋ። ቢመርጡ ቢመርጡ አሸናፊ አልወጣ አለ። «ፔንሲልቬንያ ጦር እየከተተች ነው» ተባለ። «ፌደራሊስቶቹ ወንበሩን አንለቅም ብለዋል» ተባለ። እኛ መንደር ሰዉ ማንኪያውን ሳይቀር እያቀለጠ ጥይት ማፍሰስ ጀመረ።

የከተማው ባሩድ ቤት ቁልፍ ያለው፣ እንደምታውቀው፣ አባታችን ኪስ ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጃቤዝ ሃልሲ ጎረምሶቹን አስከትሎ ባሩድ ቤቱ ደጅ ቆመ። ዞፋርም ሰምቶ ኖሮ ሰዎቹን ይዞ ከወዲያ መጣ። ሁሉም ጠብመንጃ ይዟል። አባታችን በመካከላቸው አልፎ በሩን ተደግፎ ቆመ። እኔ ሻሌን ሳልይዝ ነበር ተከትዬው የሮጥሁት፤ ብርዱ አልተሰማኝም።

ሃልሲ «ሻምበል፣ ይክፈቱልን፤ እነዚህ ሳይቀድሙን» አለ።

አባታችን እንዲህ አለ፤ አንድም ቃል አልረሳሁም፦ «የእኔ ወገን ተሸንፏል። ያሸነፉትን አልወዳቸውም፤ አገሩን ገደል ይከቱታል ብዬ አምናለሁ። ግን ዛሬ እኔ ይሄን በር ለወገኔ ብከፍት፣ ነገ ዞፋር ለወገኑ ይሰብረዋል። ከዚያ ወዲያ የሚቆጠር ድምፅ አይኖርም፤ የሚቆጠር ሬሳ ነው የሚኖረው።»

ሃልሲ «አርጅተዋል፣ ሻምበል» አለው።

«እውነት ነው። አንተም እንድታረጅ ብዬ ነው» አለው አባታችን።

ያኔ ዞፋር ተናገረ። ለአባታችን ቃል ካወጣ ዓመታት አልፈው ነበር። «ቃልዎን አምናለሁ፤ ሰዎቼ ግን አያምኑም። ቁልፉ ያለው እርስዎ ኪስ ነው» አለ።

«እንግዲያው ያንተን ጓጉንቸር አምጣና ከኔው ጎን ስቀል። እኔ ያላንተ አልከፍት፤ አንተ ያለ እኔ አትከፍት።»

ዞፋር ጠብመንጃውን ለጎረቤቱ አስይዞ ሄደና፣ የጡጫ ያህል ጓጉንቸር ይዞ ተመለሰ። ሰቀለው፤ ቆለፈው። ከኋላ አንዱ «በሉ እንግዲህ፣ ባሩዱ ሁለት ባል አገባ!» ሲል ከሁለቱም ወገን ሳቅ ፈነዳ። የሳቀ ሰው ደግሞ አይተኩስም፤ አንድ በአንድ ወደየቤቱ ተበተነ። እኔ ብርዱ ያኔ ገና ተሰማኝ፤ ሻሌን ፍለጋ ወደ ቤት ሮጥሁ።

በየካቲት ውስጥ መልእክተኛው መጣ። ምክር ቤቱ የቨርጂኒያውን ሰው መርጧል። አባታችን ሰምቶ «እሺ» ብቻ ብሎ እንጨት ሊፈልጥ ወጣ። የፈለጠው እንጨት እስካሁን አላለቀም።

አዲሱ ፕሬዚዳንት የሚምልበት ቀን፣ ሪፐብሊካኖቹ መድፍ እንተኩሳለን አሉ። ባሩድ ያስፈልጋል። ዞፋር ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ደጃችን ቆመ። አባታችን ገንፎ ላይ ነበር።

«ሻምበል፣ ቁልፍዎን ብዬ ነው።»

«ልትደሰቱብኝ?»

«ልንደሰት። በእርስዎ ላይ ግን አይደለም።»

አባታችን አፉን ጠረገና የጦርነቱን ኮት ለበሰ። ምን ሊያደርግ ነው ብዬ ተከተልሁት። ሄዶ ጓጉንቸሩን ከፈተ፤ ዞፋርም የራሱን ከፈተ። ከዚያ አባታችን ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ወደ ቤት መንገድ ጀመረ። ትንሽ ሄዶ ዘወር ሲል፣ መድፉን ሲያጎርሱ አያቸው።

«አቁሙ!» ብሎ ጮኸ፤ ወፍ ከዛፍ ተነሳ። «ይሄን ሁሉ ባሩድ አጉርሳችሁት ይፈነዳና አዲሱን መንግሥታችሁን ሳታዩ ትቀራላችሁ! ዞፋር፣ እንዲህ ነው ያስተማርኩህ?»

ዞፋር ጭንቅላቱን አከከ። «የሚቆጣኝ ሰው አጥቼ ረሳሁት» አለው።

አባታችን ኮቱን አውልቆ ሰጠኝ። ባሩዱን ራሱ መጠነ፤ ራሱ ጠቀጠቀ። የተሸነፈው ሰው፣ ያሸነፉትን ሰዎች መድፍ በገዛ እጁ ለኮሰው። ጭሱ ሲገለጥ የሁለቱም ወገን ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ነበር፤ ማንም እልል አላለም።

ኋላ እንደሰማነው፣ አሮጌው ፕሬዚዳንት ያን ቀን ማለዳ ዕቃውን ጭኖ ወደ እርሻው ሄደ። ማንም አላሳደደውም፤ ማንም አላሰረው። መጻሕፍቱ የሚነግሩን ሹም ሽር ሁሉ ደም አለበት። ይህ ግን እንዲሁ ሆነ፤ በነጋታው ላም ታለበ፣ ወፍጮ ዞረ። አባታችን እሳቱ ዳር ተቀምጦ «ንጉሥ በሰይፍ ሲወርድ አይቻለሁ። ሰው ወንበሩን በወረቀት ብዛት ሲለቅ ግን አሁን አየሁ። የትኛው ይከብዳል ብለሽ ነው?» አለኝ።

የቀረው የቤት ወሬ ነው። ዞፋር ጓጉንቸሩ እንዳይዝግ ብሎ ዘይት ሊቀባ ይመጣል። ባሩድ ቤቱ ከከተማው ወዲያ ነው፣ እኛ ወዲህ፤ እንዴት በደጃችን እንደሚያልፍ እንጃለት። አባታችን «በጀርዚ ምድር እንደዚህ ዘይት የጠጣ ጓጉንቸር የለም» ይላል። ትናንት ደግሞ «በመጪው ጥቅምት ለምርጫ ብቻዬን መሄዴ ነው መሰለኝ፤ ሕጉ ባል ያላትን ሴት ከመራጭ አይቆጥርም» አለኝ። ፊቴ ቀልቶ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ወንድሜ፣ ደስ ብሎኛል። ያቺን ወረቀት ሳስብ ግን፣ ብቻዬን ስሆን፣ አንዳንዴ አለቅሳለሁ።

እንግዲህ ሰኔ ሳይገባ ና። ለምን ሰኔ እንደሆነ አልጽፍልህም። አባታችን ስጽፍ አይቶኝ ለማን ነው ብሎ አልጠየቀም። በሩ ላይ ቆም ብሎ «የኬንታኪ መንገድ በግንቦት ይደርቃል ይባላል» አለና ወጣ።

አምላክ እግርህን ከእንቅፋት፣ ደረትህን ከብርድ ይጠብቅልኝ፤ የእናታችን ምርቃት አይለይህ።

ሁሌም የምታስብህ እህትህ