ለክሊኒኩ ባንኮኒ የመረጥኩት ፑንታ

ጅጅጋ፣ ማክሰኞ፣ ጥር 14 ቀን 2016

ነገ የክሊኒኩን ባንኮኒ በኮምፒውተር በሚታዘዘው ሲኤንሲ ማሽን፣ ፑንታ በሚባለው የሚሽከረከር ስለት እልጋለሁ። የሚሠራበት ሰው ሠራሽ እብነ በረድ ያለን አንድ ብቻ ነው፤ ከተበላሸ ጅጅጋ ውስጥ ሌላ አይገኝም።

የእህቴ ልጅ ሆዳን ኢንጂነር ሆና ከተመረቀች ወዲህ እኔን ማስተማር ይዛለች።

«አብቲ፣ ሰፊውን ፑንታ ግጠም፤ ቶሎ ይጨርሳል» አለችኝ፤ አብቲ አጎቴ ማለቷ ነው።

ቁራጭ ላይ ሞከርኩት። ፑንታውን የሚይዘው የማሽኑ ራስ ትንሽ ዘንበል ስላለ፣ ሰፊው ባለፈበት ሁሉ በጥፍር የሚዳሰስ ደረጃ ይተዋል። ጠባቡ ይዘገያል እንጂ እምብዛም አይታወቅበትም።

«ይሄን የትኛው ዩኒቨርሲቲ አስተማረህ?» ብላ ሳቀች።

«ስልኬና ያበላሸሁት እንጨት። የምረቃ ጋዋን ግን አላለበሱኝም» አልኳት።

አላመነችም። ጠዋት ቀድማኝ ወርክሾፕ ገብታ ሰፊውን እንደምትገጥም አውቃለሁ። ስለዚህ ሰፊውን ፑንታ ኪሴ ከትቼ ቤት መጥቻለሁ። ስትፈልግ ትዋል። ባንኮኒው ከተበላሸም በእኔው ምርጫ ይበላሽ።