ሁለት ከሃያ ላይ ስለታየችው ነጭ ሳቢሳ

ለተከበሩ የሸምበቆ ዳር የአዕዋፍ ጥብቅ ሥፍራ የበላይ ኃላፊ፤
ሲያትል

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና በቢሮዎ መስኮት ሥር የሚዋኙትን ዳክዬዎች ሁሉ ጤንነት እጠይቃለሁ። እኔ ከጥብቅ ሥፍራው ለአንድ ዓመት ከመታገዴ በቀር ደህና ነኝ። ይህን በአማርኛ ጽፌ በማኅበረሰባችን ጋዜጣ ማውጣቴ ድፍረት ሆኖ እንዳይቆጠርብኝ፤ በእንግሊዝኛ የጻፍኳት አንዲት መስመር ያመጣችብኝን ስላየሁ፣ ከእንግዲህ በማውቀው ቋንቋ ልሳሳት ብዬ ነው።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እናቴን ወይዘሮ የኔነሽን ይዤ ከሬንተን መጣሁ፤ በሩ ሲከፈት የገባነው እኛ ነን። እናቴ እዚህ አገር ከመጡ ሰባት ወራቸው ነው፤ ደስ ብሏቸው ከቤት የሚወጡት ለዚህ ለቅዳሜው ወፍ ብቻ ነው። ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው በተገለጠበት ዳር አንዲት ነጭ ወፍ ቆማለች፤ መንቆሯ ቢጫ ነው። እኔ መነጽሬን ሳስተካክል እናቴ በባዶ ዓይናቸው አይተው፣ ሳቢሳ ናት፣ ከብቶቿን ጥላ እዚህ ምን ትሠራለች አሉ። የወፍ መጽሐፌን ብገልጥ እውነትም እርሷው ናት፤ በዚህ ጠረፍ መታየቷ ብርቅ ነው ይላል። በመመልከቻው ጎጆ መዝገብ ላይ ልጽፍ ስል ሰዓቴን መኪና ውስጥ ረስቻለሁ። እናቴን ስጠይቃቸው የእጅ ሰዓታቸውን አይተው ሁለት ከሃያ አሉኝ፤ እኔም ከደስታዬ ብዛት እንዳለ ጻፍኩት። ጠዋት መሆኑን ማንም እንዳይጠራጠር ደግሞ ኤ.ኤም. ጨመርኩበት።

ጉድ የሠራችኝ ይህች ጥንቃቄዬ ናት። እኛ የቀኑን ሰዓት የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ስለሆነ፣ የእናቴ ሁለት ከሃያ የእርስዎ ስምንት ከሃያ መሆኑን እዚህ ላይ በትሕትና እገልጻለሁ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1ኛ. በሩ በተቆለፈበት በውድቅት ሌሊት አጥር ዘለው ገብተዋል ብለው በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ሁለታችንንም ስላገዱ አመሰግናለሁ። እናቴ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋልና፣ ያን አጥር በጨለማ መዝለላቸውን ቢሰሙ ሳይኮሩ አይቀሩም።

2ኛ. በዚያው ሳምንት በላኩት ሁለተኛ ደብዳቤ፣ በዚያ ጨለማ የመንቆር ቀለም መለየት ስለማይቻል ምዝገባው ተሰርዟል ብለዋል። በሁለቱም ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎው ነው። ስለዚህ እኔን ለማገድ ሲሆን መዝገቡ እውነት፣ ወፏን ለመቀበል ሲሆን ግን ያው መዝገብ ውሸት ሆነ ማለት ነው። ሌሊት ገብቼ ከሆነ ወፏን ማየቴን ይመኑና የጉጉት ዓይኔን ያድንቁልኝ፤ ጠዋት ከሆነም በሩን ይክፈቱልኝ።

3ኛ. ስህተቱን ያገኘው አብሮኝ የሚሠራው በዛብህ ነው። ደብዳቤውን አንብቦ፣ «ሶ፣ በሐበሻ ሰዓት ጽፈህ ነው ኤ.ኤም. ያልከው?» ብሎ እስኪያለቅስ ሳቀ። ወዲያው ቢሮዎ መጥቼ ባስረዳ፣ ጸሐፊዎ በሚያምር ፈገግታ ኤ.ኤም. ማለት ኤ.ኤም. ነው፣ መዝገብም አይታረምም ብላ ሸኘችኝ። ለፈገግታዋ አመሰግናለሁ።

4ኛ. በዚህ ወር መጽሔትዎ ሽፋን ላይ ያቺኑ ሳቢሳ አየኋት፤ አምሮባታል። እኛ ካየናት ከሦስት ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ አንድ ከኤቨረት ከተማ የሆኑ አባልዎ «ለመጀመሪያ ጊዜ» እንዳዩዋት ተጽፏል። እንኳን ደስ ያላቸው።

ቀልዱን ትቼ እውነቱን ልናገር፤ በጣም ተናድጃለሁ። እናቴ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጫማቸውን አድርገው በር ሥር ይቀመጣሉ። መታገዳችንን መንገር አፍሬ፣ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ መኪናው ተበላሽቷል እያልኩ ዋሸኋቸው። ይህን ጋዜጣ ግን ከዳር እስከ ዳር ነው የሚያነቡት፤ ከዛሬ በኋላ መዋሸት አልችልም። የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው፦ በሩን ይክፈቱላቸው፣ በመዝገቡም ላይ በዚያች መስመር ትይዩ መጀመሪያ ያዩዋት ወይዘሮ የኔነሽ ናቸው ብለው ይጻፉ። እኔን ከፈለጉ አግደው ያቆዩኝ፤ መኪናው ውስጥ እጠብቃቸዋለሁ።

ከአጥሩ ውጭ፣ ሁለት እግሬን መሬት ላይ አድርጌ፣ ለጥ ብዬ እጅ የምነሳ፤
ወንድምአገኝ ይርጉ፣ በኖርዝጌት የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ
ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. (ደብዳቤው መንገድ ላይ ሰባት ዓመት አልቆየም፤ ይህም የእኛ አቆጣጠር ነው።)

ማስታወሻ፦ የኤቨረቱ ሰው ወፏን ያዩዋት ስምንት ከሃያ ላይ መሆኑን መጽሔትዎ ይመሰክራል። በእናቴ ሰዓት ስምንት ከሃያ ሌሊት ሲሆን በሩ ተቆልፎ ነው የሚያድረው። እርስዎ እኔን በማን ሰዓት ነው ብለው እንዳልጠየቁኝ ሁሉ፣ እርሳቸውንም መጠየቅ አያስፈልግም። ለእገዳቸው አዲስ ደብዳቤ በመጻፍ እንዳይደክሙ የእኔን መልሼ ልኬልዎታለሁ፤ ስሙን ብቻ ይቀይሩት።