ዛፉን ቆጥረው አፈሩን ላስጫኑት ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የደን ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ከርሟል? ወንበርዎስ፣ መኪናዎስ፣ ከመስኮትዎ ሥር የተደረደሩት አበቦችስ ደህና ናቸው? እኔ ሚስቴን ከቀበርኩ ወዲህ ከአንዲት ልጄና ከልጆቿ በቀር ጠያቂ የለኝም እንጂ ደህና ነኝ። ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ስለሆነ ግድፈት ቢያገኙ የእኔ ነው፤ የቀረው ጥፋት የማን እንደሆነ ግን ከዚህ በታች በአክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከሰፈራችን በላይ ያለውን ደረቅ ጫካ ስለጠበቁልን አመሰግናለሁ። በየግንዱ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር አስጻፉ፤ ዘበኛም አቆሙ፤ አንዲት ጎረቤቴ የወደቀ ጭራሮ ስትለቅም ተይዛ ታስራ ዋለች። ከዚያ የጭነት መኪኖችዎ መጡና፣ አንድም ዛፍ ሳይነኩ፣ በዛፎቹ መካከል ያለውን ጥቁር አፈር ዝቀው ሄዱ። ምን ሊሆን ነው ብንል፣ ለችግኝ ጣቢያው የፕላስቲክ ከረጢት መሙያ ነው ተባልን። ጫካ ለማብዛት የጫካን ሆድ መዘርገፍ፣ እንዲህ ያለ ብልሃት በዕድሜዬ አላየሁም። ችግኞቹም ሜዳው ላይ ተተከሉ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ደረቁ።

ሁለተኛ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ የተላከችውን የአፈር ባለሙያ ከእኛ ስለገላገሏት ምስጋናዬ ላቅ ያለ ነው። ያቺ ልጅ ብረት መሬት ውስጥ እየሰካች አፈር ስታወጣ አግኝቻት፣ ምን ጠፍቶሽ ነው ብላት፣ “አባባ፣ እንዲህ ባለ ዝናብ አጠር መሬት የጫካው ሀብት ግንዱ ላይ ብቻ አይደለም፤ እግርዎ ሥር ነው” አለችኝ። ዛፍ ከአየር የሚስበው ካርቦን የሚባለው ነገር ቅጠሉ ሲረግፍና ሥሩ ሲበሰብስ አፈር ውስጥ እንደሚከማች፣ የተክሉም ምግብ በአብዛኛው ከላይ ባለችው ስንዝር በማትሞላ ጥቁር አፈር ውስጥ እንዳለ፣ ውሃውንም አምቃ የምትይዘው እሷው እንደሆነች፣ አንዴ ከተገፈፈች የልጅ ልጄ አርጅቶ እንኳ ተመልሳ እንደማያያት ነገረችኝ። ይህንኑ ለእርስዎ ጽፋ አቀረበች። ብዙም ሳይቆይ በእርስዎ ትእዛዝ ተዛውራ ዕቃዋን ስትጭን አየኋት። ወዴት ነው ብላት፣ “ጥያቄ ወደማይጠየቅበት” አለችኝና ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደስ አይልም ነበር።

ሦስተኛው አጭር ነው። ጫካው ውስጥ የወፍ ድምፅ ጠፍቷል። ዛፎቹ ሥራቸው አግጥጦ፣ ነፋስ በነካቸው ቁጥር እንደ እኔ ጥርስ ይነቃነቃሉ። ድሮ ዝናብ ሲጥል ተራራው ጠጥቶ ዝም ይል ነበር። ባለፈው ሳምንት ካፊያ ቢጤ ጣለና ቁልቁለቱ ላይ አግድም የተሰነጠቀ መሬት አገኘሁ። ምርኩዜን ብሰድበት እስከ እጀታው ዋጠው።

አራተኛ፣ ከሁሉ የከበደኝ ማስታወቂያዎ ነው። ልጄ የምትኖረው ከዚያ ሊናድ ካሰበ ቁልቁለት እግር ሥር ነው። ልጆችሽን ይዘሽ ከቁልቁለቱ ራቅ ወዳለው ቤቴ ግቢ ብዬ ለምኛታለሁ፣ ተቆጥቻታለሁ፣ ሳልሰድባትም አልቀረሁም። እሷ ግን ማኅተምዎ ያረፈበትን ወረቀት አሳየችኝ፤ “ዛፎቹ በሙሉ በቦታቸው ስለሚገኙ ነዋሪው ስጋት አይግባው” ይላል። “አባዬ፣ አንተ ከመንግሥት በላይ ታውቃለህ? እማዬ ከሞተች ወዲህ ብቻህን መዋል ሰልችቶህ ነው እንጂ ተራራው ምንም አልሆነ” አለችኝ። እልኳ ከእኔ የወረሰችው ስለሆነ በእሱ እርስዎን አልወቅስም። ማኅተሙ ግን የእርስዎ ነው። ክቡር ሆይ፣ ለማንም ጎንበስ ብዬ አላውቅም፤ ዛሬ ጎንበስ ብያለሁ። ያንን ወረቀት ያንሡልኝና በምትኩ “ከቁልቁለቱ ሥር ያላችሁ ውጡ” የሚል ያስለጥፉልኝ። አፈሩን ይመልሱ አላልኩም፤ የእሱ ነገር አልፏል።

ይህን ስጽፍ ገና ረፋድ ነው፤ ከተራራው ጀርባ ያለው ሰማይ ግን ጠቁሯል።

ከረጢትዎ ይሙላ፣ ፎቶግራፍዎ ይመር፣ አፈሩም ለመኪኖችዎ ይቅለላቸው እያልኩ፣ ግንባሬ ላይ ቀይ ቁጥር ስላልተጻፈብኝ ጥበቃዎ ያልደረሰኝ፣ እጅግ አክባሪዎ፣

ከተራራው በታች ያለሁት ሽማግሌ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ይዛ የምትመጣው ልጄ ናት። በኃላፊው እጅ ካልሰጠሽ እንዳትመለሺ፣ ልጆቹንም አስከትይ፣ ልጅ ያየ ይራራል ብያታለሁ፤ ውስጡ ምን እንዳለ አታውቅም። ሰፈርተኛው አንብቦ እንዲጠነቀቅ ግልባጩን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ የምለጥፈው ከሄደች በኋላ ነው። ክቡር ሆይ፣ ባለጉዳይ በማቆየት ጽሕፈት ቤትዎን የሚስተካከለው የለምና ዛሬ ይህን ችሎታዎን አይንፈጓት። ስብሰባ ላይ ናቸው ያስብሉልኝ፣ ነገ ነይ ብቻ አያስብሉብኝ፤ ዝናቡ እስኪያባራ አግዳሚው ላይ ያስቀምጡልኝ። ቤቴን ለማን ትቼ ብትለኝ፣ እኔ እጠብቅልሻለሁ ብያታለሁ። ቃሌን አላጥፍም፤ ከወፍጮ ቤቱ ስመለስ በሯ ላይ እቀመጣለሁ።